ጫማዋን አትንኩባት

አንዲት መምህርት አለች። በሰፈራችን ትምህርት ቤት፣ በልዩ ፍላጎት ክፍል፣ ዕድገታቸው የዘገየ ሕፃናትን ታስተምራለች። ከፊደል በፊት ምን ታስተምራለች? ጫማ ማውለቅ! ሳቃችሁ? እኔም ስቄ ነበር።

ከተማሪዎቿ አንዷ ሶልያና የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ናት። እናቷ ስታጎርሳት፣ ስታለብሳት፣ ስታዝላት ኖራለች። ልጅቷ ጫማ ሲባል የምታውቀው እግሯን መዘርጋት ብቻ ነበር። መምህርቷ እናቲቱን፣ "እህቴ፣ አንቺ የሌለሽ ቀን ማን ያወልቅላታል?" አለቻት። እናቲቱ አለቀሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጫማዋን ላይነኩባት ተስማሙ። ማሰሪያውን መፍታት አንድ ወር ፈጀ። ተረከዙን ማላቀቅ ሦስት ወር ሙሉ ተሞክሮ እንቢ አለ። ሦስት ወር፣ ወገኖቼ!

አንድ እሑድ ሦስቱም ወደዚህ ቤተ ክርስቲያን መጡ። ልጅቷ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ከጫማዋ ጋር ትታገላለች። ከኋላ ሰው ተጨናንቋል። "ኧረ አግዟት! ምን ዓይነት ጭካኔ ነው!" ይላል። መምህርቷ እጇን አጣጥፋ ቆማለች። እናቲቱ ማየት አቅቷት ፊቷን አዙራለች።

በዚህ መሐል እኔ ደረስሁ። በጸሎተ ሐሙስ የስንቱን እግር የማጥብ ቄስ፣ ለዚህ ልሰንፍ? ጎንበስ አልሁ። መምህርቷ እጄን ያዘችኝ።

"መምሬ፣ በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ፣ አይንኩብኝ። ዛሬ ካወለቁላት ነገ እግሯን ትዘረጋልኛለች።"

ቀና አልሁ። ልጅቷ ሳበች። እንደገና ሳበች። ወለቀ! ጫማውን ከፍ አድርጋ "እኔ!" አለች። እናቲቱ እልልታዋን አቀለጠችው። ደስ ብሎን ልንገባ ስንጋፋ፣ ለካ ሁለተኛው እግር ቀርቷል!

ወገኖቼ፣ እውነቱን ልንገራችሁ? ጎንበስ ያልሁት ለልጅቷ ብቻ አልነበረም። መንገዱ ስለተዘጋብኝም ነው። እናንተስ? ልጃችሁ ማንኪያውን ሲያንጠባጥብ የምትነጥቁት ለእሱ አዝናችሁ ነው ወይስ ቸኩላችሁ? ያቺ መምህርት የሰው ሁሉ ስድብ ሲወርድባት ቆማ ጠበቀች። እንዲህ ያለ ፍቅር እኔ በመስበክ ብዛት አላገኘሁትም።

ሶልያና ዛሬም እዚህ መካከላችን ናት። ስንወጣ ደጃፉ ላይ ጫማዋን ታደርጋለች። ማድረግ ከማውለቅ ይከብዳል፣ ገና እየተማረችው ነው። እንዳትነኩባት። ተሰለፉና ጠብቁ። እኔም ከኋላችሁ እቆማለሁ።