የኢቶ ስጋጃ

ጠጋ በሉ ልጆቼ፣ አላህ ጆሮአችንን ለደግ ነገር ይክፈተው። ከኛ አገር ወደ ምዕራብ፣ እጅግ ሩቅ፣ በረዶ የሚወርድበት ተራራ ሥር አንድ የበርበሮች ከተማ ነበረች ይላሉ። እዚያ ሀጅ ብራሂም የሚባሉ አማና፣ የሰው አደራ፣ የማይበሉ ሽማግሌ ነበሩ። ሚስታቸው ሞታ የቀረቻቸው አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ ኢቶ ትባላለች። የሱፍ ስጋጃ ትሠራለች።

ለህሰን የሚባል ሀብታም መስኮቱ ሁሉ መስታወት የሆነ አዲስ ቤት ሠራና፣ «ለእንግዳ ክፍሌ ስጋጃ ሥሪልኝ» ብሎ የገዛ በጎቹን ሱፍ ላከላት።

በዚያ አገር ስጋጃ ድሩ ላይ እስካለ ድረስ ነፍስ አለው ይላሉ። ሲቆረጥ ውሃ ይረጩትና፣ ነፍሱ ለምትወጣ ሰው እንደሚባለው፣ ሸሃዳ ይሉለታል። ልማድ ነው እንጂ ኪታብ ላይ ያለ አይመስለኝም። ታዲያ ኢቶ ስጋጃውን ጨርሳ፣ ሳትቆርጠው ሞተች። ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ሽማግሌው መቁረጥ አቃታቸው። ፊቱ ተቀምጠው ይውላሉ። አንዳንድ ቦታ የኢቶ ጠጉር ከሱፉ ጋር ተሸምኖ ይታያል። ጎረቤታቸው ፋዲላ፣ ያቺ ምላሷ ስለት፣ መጣች።

«ሀጂ፣ ብል በላው በሉት! ለህሰን እንደሆነ ስጋጃ ሞልቶታል። እርስዎ ምን ቀረዎት?»

«ሱፉ የማን ነው?»

«የሱ ነዋ። ጣቱስ የማን ነው?»

  ኋላ ሽማግሌው ውሃ ረጩ፣ ሸሃዳ አሉ፣ በገዛ እጃቸው ቆርጠው በአህያ ጭነው ወሰዱለት።

ለህሰን መርዶውን አልሰማም። ሲዘረጉት ስጋጃው ረዝሞ ግድግዳው ላይ ወጣ።

«አይ ሀጂ! ልጅዎ ቤቴን መስጊድ አደረገችው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። «ግድ የለም፣ ይቆረጣል።» መቀስ አስመጣ።

«እኔ ልቁረጠው ልጄ። እስቲ ውሃ።»

የጠማቸው መስሎት በብርጭቆ ሰጣቸው። ረጩት። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ቆረጡ። የተቆረጠው፣ ኢቶ በትኩሳት እየተንቀጠቀጠች የሠራችው ጫፍ ነበር፤ መስመሩ ጠመም ጠመም ያለ። ለህሰን በሩ ላይ አነጠፈው፣ ለእግር መጥረጊያ። ሽማግሌው ሲወጡ ሳይረግጡ ተሻገሩት።

ፋዲላ ሰምታ ጮኸች። «ልጄ ሞታለች ቢሉት እኮ ቁራጩን ይሰጥዎ ነበር!»

«ፋዲላ» አሉ፣ «አላህ ልጄን ሙሉዋን ሲወስድ አልተከራከርኩም። በቁራጭ ሱፍ ልከራከር?»

ከዚያ በኋላ ተካሱ፣ ተጽናኑ የሚላችሁ ካለ አትመኑት፤ እኔ አልሰማሁም። ሰብር፣ ትዕግሥት፣ ያለው ሰው ልቡ አይቆስልም ማለት አይደለም ልጆቼ። እኔ እንደገባኝ፣ ሰብር ማለት ልብ እየደማ የሰውን ሀቅ መመለስ ነው። አጅሩ፣ ዋጋው፣ እዚያ አላህ ዘንድ ነው። እዚህ ግን ሽማግሌው ክረምቱን ሙሉ ባዶውን የሽመና እንጨት ሲያዩ ከረሙ።