ፍጥነቷ ጋሻዋ ነው

አንድን የጠረፍ ንጉሥ ከባሕሩ ማዶ ያለው ጎረቤቱ እንቅልፍ ይነሳው ነበር። ዘመኑ መርከቦች ሸራቸውን ጥለው በእንፋሎት መሄድ የለመዱበት፣ ነገሥታትም በመድፍ ርዝመት የሚፎካከሩበት ዘመን ነው። ንጉሡ መሐንዲሱን አስጠርቶ፣ «ከከባዶቹ መርከቦች እኩል መድፍ የምትሸከም፣ ከፈጣኖቹ ሁሉ የምትፈጥን የጦር መርከብ ሥራልኝ። አዛዧም ታናሽ ወንድምህ ይሆናል» አለው። መሐንዲሱ እጅ ነስቶ ወጣ። ወንድሙን አባታቸው ከሞቱ ጀምሮ ያሳደገው እሱ ነበርና ደስታው ወሰን አልነበረውም።

በዚያ አገር መርከብ የሚነደፈው በወረቀት ላይ ብቻ አልነበረም። በአዳራሹ መካከል የድንጋይ ገንዳ አለ። በገንዳው ውስጥ ወገቧን ቀይ መስመር የተቀባች ትንሽ የእንጨት መርከብ ትንሳፈፋለች። ሦስት ሰዎች ሦስት የአሸዋ ከረጢት ይዘው ዙሪያዋን ይቀመጣሉ። አንዱ የመድፉን ክብደት ይዟል፤ ሁለተኛው የሞተሩን። ሦስተኛው ከረጢት የመርከቧን ጎን የሚሸፍነው ብረት ነው፤ እሱን የምትይዘው ልጆቻቸው በመርከቧ ከሚሳፈሩ እናቶች መካከል የተመረጠች ሴት ናት። ከረጢቶቹ ተጭነው ውኃው ቀዩን መስመር ከዋጠው ከአንዱ ላይ አሸዋ መራገፍ አለበት። ግን ባለቤቱ በገዛ እጁ ካልፈታ በስተቀር ከረጢቱን ንጉሡ እንኳ አይነካም። ከአባቶች የወረደው ሥርዓት ይህ ነበር።

የንድፉ ቀን ደረሰና ሦስቱም ከረጢቶች ተጫኑ። ቀዩ መስመር ወዲያው ሰጠመ።

የመድፈኞቹ አለቃ፣ «ከመድፌ ከምትቀንሱ ጢሜን ላጩኝ» አለ።

የሞተሩ አለቃም ወደ ኋላ አላለም። «ከእኔ ከተቀነሰማ የምትሠሩት መርከብ አይደለም፤ ቁጭ ብሎ የሚጨስ ምድጃ ነው!»

አዳራሹ ሳቀ። ከዚያ የሁሉም ዓይን ወደ ሴቲቱ ዞረ። እሷ ከረጢቷን ከእንጨቷ መርከብ ላይ አንስታ፣ ውኃው በቀሚሷ ላይ እየተንጠባጠበ፣ እቅፏ ውስጥ ሸጎጠችው።

«ምነው ወደ እኔ አያችሁ?» አለች። «የሰው ልጅ ልታራቁቱ ነው?»

መሐንዲሱ ንጉሡን አየ። የንጉሡ ፊት ጠቁሯል። ያን ጊዜ አንድ የሚያምር ቃል ወደ አፉ መጣለት።

«እማማ፣ ጋሻ ቆሞ ለሚዋጋ ነው። ይህች መርከብ ከምትበልጣት ትሸሻለች፤ የምታንሳትን ታባርራለች። ማን ይደርስባታል? ፍጥነቷ ጋሻዋ ነው!»

«ፍጥነቷ ጋሻዋ ነው» አለ ንጉሡ እየቀመሰው። መኳንንቱም ተቀባበሉት። አንዱ በወርቅ ይጻፍ አለ፤ ሌላው በመርከቧ ግንባር ላይ ይቀረጽ አለ። ስለ ብረቱ ውፍረት የሚናገር አንድም ሰው አልተገኘም።

ሴቲቱ ግን ከረጢቷን አልለቀቀችም። «ያኛውስ ቢሮጥ?» ብላ ጠየቀች።

«ያኛው ማን?»

«የማዶው ነዋ! እናንተ ስትሮጡ እሱ እግሩን ታስሯል?»

ሳቁ ጣሪያ ነካ። የሞተሩ አለቃ፣ «የማዶ ሰዎች ገና መቅዘፊያቸውን አልጣሉም፣ እማማ» አላት። መሐንዲሱ አልሳቀም። ጥያቄው እሾህ ሆኖ ወጋው። መልስ አልነበረውም፤ መልስ እንደሌለውም አውቋል። ሆኖም ያ የሚያምር ቃል በአዳራሹ ውስጥ ከአፍ ወደ አፍ እየዞረ ነበር፤ ሊመልሰው አልቻለም፤ አልፈለገምም። ከሴቲቱ እግር ሥር ተንበርክኮ እጇን ያዘ።

«እማማ፣ አዛዧ የገዛ ወንድሜ ነው። እኔ በእጄ ያሳደግኩትን ለሞት እሰጣለሁ?»

ሴቲቱ ዓይን ዓይኑን አየችው። ወንድሙም ከበሩ አጠገብ ቆሞ ነበርና፣ «እመኑት፣ እማማ። ጋሼ በሕፃንነቴ ወንዝ የሚያሻግረኝ ጫማዬን እንኳ ሳያረጥብ ነበር» አለ።

እሷም የከረጢቷን አፍ ፈታች። አሸዋው ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ባዶ ሊሆን ትንሽ የቀረውን ከረጢት በመርከቧ ላይ ሲያስቀምጡት ቀዩ መስመር ከውኃው ብቅ አለ፤ አዳራሹም በጭብጨባ ተናወጠ።

መርከቧ ተሠራች። በባሕሩ ላይ እንዳሞራ በረረች። ቃሉም በግንባሯ ባለው ሰሌዳ ላይ ተቀረጸ፤ ሕፃናት በዘፈን አወጡት። ወንድምየው፣ «ጋሼ፣ ነፋሱ እንኳ ከኋላዬ እያለከለከ ነው የሚመጣው» እያለ ያሾፍ ነበር። መሐንዲሱም፣ «ብቻ ከትልቅ ጋር እንዳትቆም» ይለዋል። «ትልቅ ስታይ ዙር። ማልልኝ።» ወንድሙም ይምልለታል።

ጦርነቱ በመጣ ቀን ንጉሡና መሐንዲሱ በወደቡ ኮረብታ ላይ ቆመው በሩቅ ማያ መነጽር ይመለከቱ ነበር። መሐንዲሱ፣ «ጃንሆይ፣ እሷ ከኋላ ትቆይ። ግድግዳዋ ስስ ነው» አለ።

ንጉሡ ተቆጣ። «ይህን የሚያህል መድፍ ይዛ ትደበቅ? ሰው ምን ይለኛል? ትቅደም!»

ቀደመች። መቅደም ዋና ሥራዋ ነበርና ወፍራሞቹን ዘገምተኛ መርከቦች በሙሉ ጥላቸው ሄደች። ሞት ወዳለበት ቦታ ከሁሉ በፊት የደረሰችው እሷ ነበረች።

ከጭሱ ውስጥ የማዶው መርከብ ብቅ አለች። መሐንዲሱ መነጽሩን ከዓይኑ አውርዶ በእጅጌው ጠረገው፤ መልሶም አየ። ያው ቀጭን ወገብ፣ ያው ሦስት የጭስ ማውጫ፣ ያው ረጃጅም መድፍ። ሰው በመስታወት ራሱን እንደሚያይ የገዛ ሥራውን አየ። ወንድሙ መሐላውን ጠብቆ መርከቧን አዞረ። ያችኛዋም እኩል ሮጠች።

ሁለቱም ተኮሱ፤ ጥይቱም የሁለቱንም ስስ ጎን በስቶ ባሩዳቸው ላይ ወደቀ። መጀመሪያ ድምፅ አልነበረም። ከመርከቦቹ ጎን ነጭ ብርሃን ወጣ፤ ከዚያ ኮረብታው ከንጉሡና ከመሐንዲሱ እግር ሥር ተንቀጠቀጠ። ጭሱ ሲገለጥ ባሕሩ ሜዳ ነበር። ሁለቱም መርከቦች የሉም። ንጉሡ መነጽሩን ወዲያና ወዲህ እያዞረ፣ «የት ሄደች? አሁን እዚያ አልነበረችም?» ይል ነበር።

መሐንዲሱ ወደ ባሕሩ ዳር ሮጦ ወረደ። ማዕበሉ ኮፍያና የተቃጠለ እንጨት ይተፋል። የወንድሙን ስም እየጠራ በውኃው ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገባ። አንድ ሰሌዳ ከእግሩ ጋር ተጋጨ። ተቀርጾበታል። የእኛዋ ግንባር ነው ብሎ አቅፎ ወደ አሸዋው አወጣው፤ ሲገለብጠው ፊደሉ የማዶዎቹ ፊደል ሆኖ አገኘው። በወጣትነቱ እዚያ ተምሯልና ማንበብ ይችላል።

«ፍጥነቷ ጋሻዋ ነው» ይላል።

አንዲት ሴት ከኋላው መጥታ እንደቆመች እንኳ አላወቀም። ያችው ሴት ነበረች፤ እሷም ልጇን ትፈልጋለች። ሰሌዳውን አይታ፣ «ማንበብ አልችልም፤ ምን ይላል?» አለችው።

በአዳራሹ መካከል ቃል ያልቸገረው ሰው ሰሌዳውን አሸዋው ላይ በግንባሩ ደፋው፤ ሴቲቱንም ቀና ብሎ ማየት አልቻለም።

ወገኖቼ፣ ብልህ ሰው ራሱን የሚያሞኘው በሚያምር አባባል ነው። አባባሉ ሲያምር እናጨበጭባለን፤ ስናጨበጭብ ደግሞ ሁለቱም እጃችን ስለሚያዝ ከረጢቱን የሚይዝ ይጠፋል። እኛ ያሰብነውን ጠላታችንም ያስባል፤ እኛን ያኮራን ቃል እሱንም ያኮራዋል፤ ሁለታችንም ባንድ ቃል እንጠፋለን። ከሁሉ የከፋው ግን የማይመልሱትን ጥያቄ በሚወዱት ሰው ስም ምሎ ማፈን ነው።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ በእናንተ ገንዳ ዙሪያ በሦስተኛው ወንበር ላይ ማን ተቀምጧል? ከረጢቷን እንድትፈታስ ምን ብላችሁ ማላችሁላት?