ፍራሽ ልትውጥ የነበረችው ጄት ስኪ

አንድ ጀልባ ጠጋኝ ነበረ። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ከሚያሰጡበት አጠገብ ይሠራል። የተቀደደ ጀልባ ይደፍናል፣ የሞተ ሞተር ያስነሳል። ብዙ አያወራም። ሰፈሩ ጋሽ ሐሜሶ ይለዋል።

አንድ ሰኞ ጠዋት ምንተስኖት የሚባል ወጣት ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ጄት ስኪ የምትባለውን የውሃ ላይ ሞተር ሳይክሉን ተሸክሞ መጣ። ይቺ ጄት ስኪ ተቀምጠው የሚነዷት ዓይነት አይደለችም። ቆመው ነው የሚነዷት። ጠባብ ናት፣ አንድ ሰው ብቻ ትይዛለች። ምንተስኖት በበዓል ቀን በእርሷ ላይ ቆሞ ሲዘልልና ውሃ ሲረጭ የሐይቁ ዳር ሰው ሁሉ ያጨበጭብለታል። እንጀራው እርሷ ናት። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ደግሞ ሠርጉ ነው።

«ጋሽ ሐሜሶ፣ ይቺ ልጅ ከብዳለች» አለ። «ድሮ ለሁለት ነበር ከውሃ የምናወጣት። ዛሬ አራት ሆነን ወገባችን ተቆረጠ።»

«ሞተሩስ?»

«ሞተሩ ይጮኻል። እርሷ ግን እንደ ጉማሬ አፍንጫዋን ብቻ ታሳያለች።»

ምንተስኖት ለእጮኛው ለፍሬሕይወት ቃል ገብቶላት ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ፣ በፎቶው ሰዓት፣ እርሷ ከቤተሰቧ ጋር ጀልባ መውረጃው ላይ ትቆማለች። እርሱ ደግሞ በሙሉ ልብሱ፣ አበባ ይዞ፣ በውሃ ላይ ቆሞ ወደ እርሷ ይመጣል። አስቡት! ደስ አይልም?

የሙሽሪት አባት አቶ ዘውገን ግን ደስ አላላቸውም። በዚያው ቀን ወደ ጋሽ ሐሜሶ መጡ።

«እኔ ስለ ፎቶው ግድ የለኝም» አሉት። «ይቺ ነገር የሐይቁ ጭቃ ውስጥ ከገባች ልጄ በምን ትኖራለች? አንተ አትሰምጥም ካልከኝ ሠርጉ በቀኑ ይሁን። ካላልከኝ ይቆይ።»

ጋሽ ሐሜሶ መፍቻውን አነሣና የጄት ስኪዋን ሆድ ከፈተ።

የእንዲህ ዓይነቷ ጄት ስኪ ሆድ ውስጥ የሠሯት ሰዎች እንደ ደረቀ አረፋ ያለ ጠንካራ ግን ቀላል ፎም ይሞሉበታል። ለምን? ድንገት ተቀድዳ ውሃ ቢገባባት እንዳትሰምጥ ነው። ጋሽ ሐሜሶ ፎሙን በአውራ ጣቱ ተጫነው። ውሃ ፊጭ ብሎ ፊቱ ላይ ተረጨ።

አያችሁ ወገኖቼ? ለብዙ ዓመት በቀጭን ስንጥቅ ትንሽ ትንሽ ውሃ ገብቶ ነበር። ፎሙም ዝም ብሎ ጠጣ። እንዳትሰምጥ የተሰጣት ነገር እርሱ ራሱ ሊያሰምጣት ነው!

ሦስት ቀን ፈጀበት። በቢላዋ ቆረጠው፣ በመጋዝ ስባሪ ፋቀው፣ ጥግ ጥጉን በማንኪያ ዛቀው። ሁሉንም አወጣና በዓሣ ሚዛን ላይ ጫነው። ሃያ ስድስት ኪሎ!

«ምንተስኖት» አለው፣ «አንድ ፍየል አዝለህ ነበር እኮ የምትዘልለው።»

«ፍየሏን ለሠርጉ ብናርዳት ይሻል ነበር!» አለ ምንተስኖት። «በቃ ዝጋት ጋሽ! ባዶዋን ትሂድ!»

ባዶዋን ሞከሯት። በረረች! ምንተስኖት በሐይቁ ላይ ሲጮህ ዳር ድረስ ይሰማ ነበር። መረብ የሚያሰጡት ሰዎች ሥራቸውን ትተው አጨበጨቡ። ጋሽ ሐሜሶ ብቻ ራሱን ያክካል።

«ምን ሆንክ ጋሽ? አታያትም?»

«አየኋት። ብትቀደድስ?»

«ለምን ትቀደዳለች?»

«ልጄ፣ እኔ እስከ ዛሬ የኖርኩት ጀልባ ስለሚቀደድ ነው።»

ፋብሪካ የሚሞላው ዓይነት ፎም በከተማው ፈለገ። የለም። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣለት። ሚስቱ ዘርፌ ገበያ ሄዳለች። ቤት ውስጥ ደግሞ ገና ያልተተኛበት አዲስ የስፖንጅ ፍራሽ አለ። በእጁ መዘነው፤ እንደ ላባ ቀላል ነው። ተጫነው፤ ልስልስ ያለ ነው። ቢላዋውን አነሣ።

ግማሹን ጠቅጥቆ ሳይጨርስ ዘርፌ ደረሰች።

«ሐሜሶ፣ ፍራሹ የት ሄደ?»

«እዚህ… ጄት ስኪዋ ውስጥ ነው።»

«እኔስ? እኔም እዚያው ልተኛ?»

«ዘርፍዬ፣ እስቲ ያዥው። ምን ያህል ቀላል እንደሆነ እዪው።»

ዘርፌ አልጮኸችም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችው፦ «ለመሆኑ እኔ ሰሃን የማጥበው በምንድን ነው?»

«በስፖንጅ።»

ከፍራሹ አንድ ቁራጭ አነሣች። ውሃ የሞላ ሳፋ ውስጥ ጣለችው። ቁራጩ መጀመሪያ ተንሳፈፈ። ከዚያ ዘንበል አለ። ከዚያ ዝም ብሎ ገባ። አወጣችውና በባሏ ጫማ ላይ ጨመቀችው። ጫማው ሞላ!

«ይሄ ከዚያኛው ፎም በምን ይሻላል?» አለችው። «ያ እንኳ ውሃ ለመጠጣት ዓመታት ፈጅቶበታል።»

ጋሽ ሐሜሶ በራሰ ጫማው ቆሞ ሳቀ። ምን ያድርግ? «ታዲያ ምን ልክተትባት?» አለ።

ዘርፌ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት። በእጇ ወደ ተሰጣው መረብ አሳየችው። መረቡ ጠርዝ ላይ ባዶ የውሃ ጠርሙስ፣ ያው እኛ ሃይላንድ የምንለው፣ ተደርድሮ ታስሯል።

«ለአባቴ ዕድሜ ልኩን መረቡን የያዘለት ይሄ ነው» አለች። «ምንም የለበትም። ክዳኑ ግን ጠብቋል።»

ወገኖቼ፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታዩ! የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ለሠርጉ ሲለማመዱ የጠጡበትን ጠርሙስ አመጡ። የሰፈሩ ሰው አመጣ። በሽምግልናው ቀን እንግዳ የጠጣበት ሁሉ ተለቀመ። ዘርፌ ሳፋዋ አጠገብ ተቀምጣ እያንዳንዱን ጠርሙስ ውሃ ውስጥ ደፍቃ ትጨምቀዋለች። አንዲት አረፋ ካወጣ ወደ ኋላዋ ትወረውረዋለች።

«እቴ፣ ይሄ እኮ ደህና ነው!» ይላታል ምንተስኖት።

«ደህና መስሎሃል። እየተነፈሰ ነው፤ ነገ ይጠጣል።»

መቶ ሃያ ጠርሙስ አለፈ። ጋሽ ሐሜሶ በአማቱ አሮጌ መረብ ጠቅልሎ፣ እንዳይንከባለሉ አስሮ፣ በየጥጉ ደረደራቸው። ስንጥቋን ደፍኖ ሆዷን ዘጋ። ከዚያ ወደ አቶ ዘውገ ሄደና «አትሰምጥም» አለ። አንዲት ቃል ብቻ። ሠርጉ በቀኑ ሆነ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ መውረጃው ላይ ቆሟል። ፍሬሕይወት ቬሏን በአንድ እጇ ይዛ ወደ ሐይቁ ታያለች። መጣ! በሙሉ ልብሱ ላይ የዋና ጃኬት ደርቦ፣ አበባውን በአንድ እጁ ከፍ አድርጎ። እልልታው ቀለጠ።

ሐይቁ ሞልቶ የዋጣቸው ዛፎች እንዳሉ ታውቃላችሁ። ከውሃው በታች አንድ ግንድ ነበረ። ምንተስኖት አላየውም።

ጓ! ሞተሩ ጸጥ አለ። የጄት ስኪዋ ሆድ በአንድ ክንድ ርዝመት ተተረተረ። ውሃው ገባ። ኋላዋ መውረድ ጀመረ። እልልታው ተቋረጠ።

«አለቀ!» አሉ አቶ ዘውገ። «የልጄ ኑሮ ሄደ!»

ጋሽ ሐሜሶ ዓይኑን ጨፈነ። ዘርፌ ግን አልጨፈነችም።

«ክፈት ዓይንህን» አለችው። «እያት።»

ኋላዋ ወረደ፣ ወረደ… ቆመ። አፍንጫዋ ከውሃው በላይ ቀረ። ምንተስኖት በደረቱ ተኝቶባት፣ አበባውን አሁንም ከፍ አድርጎ እያውለበለበ ይጮኻል፦ «አልሰመጠችም! ጋሽ፣ አልሰመጠችም!»

ዓሣ አጥማጆች በጀልባ ሄደው በገመድ ጎተቷት። ሙሽራው ከእግር እስከ ራሱ ርሶ መውረጃው ላይ ወጣ። ፍሬሕይወት በሳቅ መቆም አቃታት። «በውሃ ላይ እመጣለሁ ነበር ያልከኝ» አለችው። «በውሃ ውስጥ መቼ አልከኝ?» ነጭ ቬሏን አውልቃ ፊቱን ጠረገችው። ያ ነው እንግዲህ የሠርጋቸው ፎቶ። እስከ ዛሬ ግድግዳቸው ላይ አለ።

አቶ ዘውገ ወደ ተተረተረው ሆድ ጎንበስ ብለው ተመለከቱ። መቶ ሃያ ጠርሙስ በፀሐይ ያበራል።

«ይሄ ምንድን ነው ሐሜሶ?»

«በሽምግልናው ቀን የጠጣችሁበት ነው።»

እርሳቸው መሳቅ ጀመሩ። «እኔም ሁለት ጠጥቼ ነበር!» አሉ። «ለካ አማቼን ያንሳፈፍኩት እኔ ነኝ!»

ጄት ስኪዋ በሳምንቷ ተደፍና ወደ ውሃ ተመለሰች። ጎጆውም ቆመ። ጋሽ ሐሜሶስ? መዘምራኑ አዲስ ፍራሽ ገዙለት። ዘርፌ ግን ቢላዋውን ደብቃዋለች ይባላል።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ ወገኖቼ።

እንዳትሰምጡ ብላችሁ ውስጣችሁ ያኖራችሁት ምንድን ነው? ምናልባት ያኔ ጥሩ ነበር። ምናልባት የድሮ ጸሎታችሁ፣ የድሮ ምስክርነታችሁ ነው። ምናልባት «እኔ እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ» የምትሉት ኩራት ነው። እስቲ በአውራ ጣታችሁ ተጫኑት። ውሃ ይወጣዋል? ቂም ጠጥቷል? ፍርሃት ጠጥቷል? በአንድ ቀን፣ በአንድ ጊዜ አይደለም የጠጣው። በቀጭኗ ስንጥቅ ነው፣ ትንሽ ትንሽ። እናንተ ግን «ለምን ከበደኝ?» ትላላችሁ። ለምን ድሮ እንደዘለልኩ አልዘልልም? ፍየል አዝላችሁ ነዋ!

አውጡት። ያማል፣ ቀን ይፈጃል፣ ጥግ ጥጉ በማንኪያ ነው የሚዛቀው። ግን አውጡት። እግዚአብሔር ሸክም ሲያነሣልን እንዴት እንደምንበር የቀመሰ ያውቀዋል። ሃሌ ሉያ የማይል ማን አለ?

ግን እዚያ ላይ አታቁሙ። ይቅር አልኩ፣ ተውኩ፣ ጣልኩ፣ ቀለለኝ ትላላችሁ። እሰይ! ታዲያ በቦታው ምን ገባ? ባዶ ሆድ በጸጥተኛ ውሃ ላይ ይበርራል። ሐይቁ ግን ግንድ አለበት። የማናችንም ሐይቅ ግንድ የሌለው አይደለም።

ደግሞ ለስላሳ ስለሆነ ብቻ አንድ ነገር አትክተቱ። ወሬ ለስላሳ ነው። ሙገሳ ለስላሳ ነው። ያገኘውን ሁሉ የሚጠጣ ነገር ቀላል ሆኖ ዛሬ ደስ ይላል፤ በመከራ ቀን ከእናንተ ቀድሞ ይወርዳል። የዘርፌን ሳፋ አትርሱ። ሰው ፊት ከመቆማችሁ በፊት በሳፋ ውስጥ ሞክሩት።

አንድ ሰው እዚህ ተቀምጦ «እኔ ምንም የለኝም፣ ባዶ ነኝ» ይል ይሆናል። ወንድሜ፣ እኅቴ፣ ጠርሙሱም ምንም አልነበረበትም። ተጠጥቶ የተጣለ ነበር። ነገር ግን ክዳኑ ጠብቆ፣ ከሌሎቹ ጋር በአንድ መረብ ታስሮ፣ ሙሽራ ተሸከመ! ባዶነታችሁን ለጌታ ስጡት፤ እርሱ ይክደነው፤ ከወንድሞቻችሁ አጠገብ ያስቀምጠው።

በዚህ ሳምንት ከመካከላችን የአንዱ ሆድ ሊተረተር ይችላል። ማን እንደሆነ አላውቅም። እኔ ልሆን እችላለሁ። ያን ቀን ዳር ላይ ቆመን «አለቀ!» እንላለን? ወይስ ስንጎነበስ እንደ አቶ ዘውገ የገዛ ጠርሙሳችንን እዚያ ውስጥ እናገኘዋለን?

እንግዲህ ወገኖቼ፣ አጠገባችሁ ያለውን ሰው እዩት። እርሱን የሚያንሳፍፈው ጠርሙስ በእጃችሁ ነው። ክዳኑን አጥብቁና ስጡት።