ሁለቱንም ያለው ተማሪ

ምላሱ የሰላ አንድ የድሀ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍንና ፍልስፍናን አንድ ላይ ካልተማርኩ አለ። ፈቃጁ ዲኑ ዶክተር አስራደ ነበሩ፤ ከእሳቸው በላይ አዋቂ ያለ አይመስላቸውም። ልጁን ሊያሳፍሩት ቀጠሩት፤ ጉዱን እንዲያዩላቸውም የዩኒቨርሲቲውን ፕሬዚዳንት ጋብዘው አጠገባቸው አስቀመጡ።

«ስማ አንተ፣» አሉት፣ «ሥነ ጽሑፍ የፈጠራ ቤት ነው፤ ፍልስፍና የእውነት። ሁለቱንም እይዛለሁ ስትል ከሁለት ያጣ ጎመን ትሆናለህ። በል አንድ ነገር ተናገር። እውነት ከሆነ ሥነ ጽሑፍን ትተዋለህ፤ ውሸት ከሆነ ፍልስፍናን። ፈራጁ እኔ ነኝ።»

ከሁለቱ አንዱ ሊቀርበት ነው። ልጁ በልቡ አንዱን ቃል ሲያነሳ ሌላውን ሲጥል ቆየና ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

«በዚህ ዩኒቨርሲቲ እንደ ዶክተር አስራደ ያለ አዋቂ የለም» አለ።

የዲኑ ፊት ሊፈካ ሲል ፕሬዚዳንቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዲኑ እውነት ነው እንዳይሉ አለቃቸው አጠገባቸው አሉ፤ ውሸት ነው እንዳይሉ የገዛ ክብራቸው አለ።

«ይህ እንኳ አከራካሪ ነው» አሉ በመጨረሻ ላባቸውን እየጠረጉ።

«እንግዲያው ዶክተር፣» አለ ልጁ፣ «ክርክሩ እስኪያልቅ ሁለቱንም እየተማርኩ ልጠብቅ።»