የአደራው ዳማ

ጉራ ለበዛበት ሰው እየሳቅን የምንወረውራት አንዲት አጭር ቃል አለች። ሠርግ ቤት ትባላለች፣ ጠላ ቤት ትባላለች፤ ተናጋሪውም ይስቃል፣ ሰሚውም ይስቃል። በአገው ምድር ደጋ ጫፍ ያሉ ሽማግሌዎች ግን ቃሏ ስትነሳ አይስቁም። «እሷ እንኳ በቀልድ አልተወለደችም» ይሉና አንዱ ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ የእመት ሙጪትን ነገር ይጀምራል።

እመት ሙጪት ባሏ ሞቶባት ብቻዋን የቀረች፣ ቆፍጠን ያለች ሴት ነበረች። ቤቷ ደጋው አልቆ ቁልቁለቱ የሚጀምርበት አፋፍ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ቆላ ነው። ቆላ ደግሞ ለፈረስ አይሆንም፤ የደጋ ፈረስ ወርዶ የሰነበተ እንደሆነ በሽታው ይጥለዋል። ስለዚህ ጥጥና በርበሬ ፍለጋ የሚወርድ ሰው ሁሉ ፈረሱን አፋፉ ላይ ትቶ፣ አህያውን እየነዳ በእግሩ ነበር የሚሄደው። ፈረሱን የሚተወው እመት ሙጪት ጋጥ ውስጥ ነው። እሷ ድርቆሽና ገብስ እያበላች ታቆይለታለች፤ እሱም ሲመለስ ከቆላ ካመጣው ያካፍላታል።

ጋጡን የሠራው ባሏ ነበር። ሊሞት ሲል የነገራት ነገር ከልቧ አልጠፋም። «ፈረስ አፍ የለውም» ብሏት ነበር። «ባለቤቱ ከሄደ በኋላ አፉ አንቺ ነሽ።»

በአንዱ ዓመት፣ የመስከረም ጭቃ ጠፈፍ ሲል፣ ልንገርህ የሚባል ጎልማሳ፣ ቀላ ያለ ዳማ ፈረሱን ይዞላት መጣ። ግንባሩ ላይ ነጭ ቦራ ያለበት፣ አንገቱ እንደ ቀስት የደገነ ፈረስ ነው። ልንገርህ ከዚህ ፈረስ በቀር ይህ ነው የሚባል ሀብት አልነበረውም። ገመዱን ሲያስረክባት የፈረሱን አንገት ደጋግሞ ዳበሰና «እመት፣ አደራ። ቤቴ ያለችው ሴት ነፍሰ ጡር ናት። እኔ ብዘገይ እንኳ ይኼ አይጉደልባት» አላት።

«አንተ ብቻ በደኅና ተመለስ» አለችው። ልንገርህም አህያውን እየነዳ ቁልቁለቱን ወረደ።

ትንሽ ሰንብቶ ደግሞ ባላምባራስ ቢሻው የሚባል ሰው መጣ። ካባ የደረበ፣ ጺሙን ያበጠረ፣ ባለማዕረግ ነው። የሚገርመው ግን ባለፈረስ ሆኖ ሳለ ፈረሱን እየሳበ በእግሩ ነበር የመጣው። የእሱም ፈረስ ዳማ ነው፤ ግንባሩ ላይም ቦራ አለበት። ግቢ ሲገባ የቀኝ የፊት እግሩን ሸሸግ ሲያደርግ እመት ሙጪት አየች።

«ጌታዬ፣ ፈረስዎ ያነክሳል ልበል?»

«ጠጠር ገብቶበት ነው። ለዚያ ብዬ ነው የወረድኩለት።»

እሷ ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ዳሰሰች። ከፀጉሩ ሥር የቆየ፣ ድንጋይ የመሰለ እብጠት አገኘች። ጠጠር እንዳልሆነ ገባት። ፈረሱ የማይድን አንካሳ ነው። ዳሩ ግን ባለማዕረግን ፊት ለፊት «ዋሹ» ማለት ይከብዳልና ዝም አለች። ፈረሱን አስገብታ ከልንገርህ ዳማ ጎን አሰረችው፤ ለሰውዬውም የእንግዳ ጎጆዋን ለቀቀችለት።

ባላምባራስ ቢሻው ቆላ እወርዳለሁ ብሎ ነበር የመጣው። ዛሬ ራሴን አሞኛል፣ ነገ አጃቢዬ አልደረሰም እያለ ግን ከረመ። የቀረበለትን ይበላል፣ ፀሐይ ይሞቃል፣ ከዚያም ጋጥ ገብቶ ይቆማል። የሚቆመው ከራሱ ፈረስ ዘንድ አልነበረም። የልንገርህን ዳማ ከእጁ ገብስ ያጎርሰዋል። የራሱ ፈረስ ጌታውን ባየ ቁጥር ጆሮውን ቀስሮ ያሽካካል፤ አንገቱን በመከለያው እንጨት ላይ አሻግሮ ትከሻውን ሊነካ ይሞክራል። ሰውዬው በክርኑ ገፋ ያደርገዋል።

አንድ ቀን እመት ሙጪት ከወፍጮ ስትመለስ የልንገርህን ዳማ ቦታው ላይ አጣችው። ደንግጣ ስትወጣ ባላምባራስ ከታችኛው ሜዳ ሲጋልበው ቆይቶ ሲመጣ አየችው። ፈረሱ ከኮርቻው ሥር ላብ አጥምቆታል።

«ጌታዬ፣ ይህ የሰው አደራ ነው!»

«ምን አጠፋሁ? ቆሞ ሲውል እግሩ እንዳይታሰር አፍታታሁለት እንጂ።»

«ይታሰር። ባለቤቱ ሲመጣ ይፈታዋል። ሁለተኛ እንዳይነኩብኝ።»

እሱ ሳቅ ብሎ ልጓሙን ሰጣት። ነገር ግን እሷ ወፍጮ ወይም ገበያ በሄደች ቁጥር ፈረሱን ያወጣው ነበር። በታችኛው ሜዳ ላይ ይጋልበዋል፤ መንደርተኛው አጥር ላይ ቆሞ ያየዋል። «የባላምባራስ ፈረስ እንዴት ያለ ነው!» ይባላል። ለምን ሰው በተሰበሰበበት እንደሚጋልበው የገባት ኋላ ነው።

ብርዱ ሲጠና ከቆላ የተመለሱ ነጋዴዎች መርዶ ይዘው መጡ። ልንገርህ ንዳድ ይዞት በመንገድ ሞቷል። እዚያው ቀብረውታል።

እመት ሙጪት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ግርግሙ አጠገብ ተቀመጠችና አለቀሰች። ዳማው ምንም ሳያውቅ ድርቆሹን ያላምጣል። እዚያው እንዳለች ባላምባራስ ገባ። አጽናኝ መስሎ አጠገቧ ቆመ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እግዜር ያጥናሽ። እንግዲህ የሞተ ሰው ፈረስ አይጠይቅም። ሁለቱም ዳማ ናቸው፣ ሁለቱም ቦራ ናቸው። ለሚስቱ የእኔን ስጪያት። እኔ ይኼን ይዤ እሄዳለሁ። ሴት ናት፣ ምን ታውቃለች?»

እመት ሙጪት ቀና ብላ አየችው። እንባዋ ደረቀ።

«አንካሳውን ነው የምሰጣት? ለነፍሰ ጡሯ?»

«አንካሳ ያልሽው አንቺ ነሽ።»

«አላደርገውም፣ ጌታዬ። ከቤቴ ይውጡ።»

ሰውዬው አልተቆጣም። ይልቅ እንደ ዘመድ አለሳልሶ ነገራት። «ተይ እመት ሙጪት። እኔ እዚህ ዳማ ላይ ተቀምጬ ያላየኝ ሰው አለ? ፈረሴን ለወጠችብኝ ብዬ ብጮህ የሚያምኑት ማንን ነው? አንዴ አደራ በላች ከተባልሽ፣ ከዚያ በኋላ እዚህ ጋጥ ማን ፈረስ ያስራል? አስቢበት» ብሏት ወጣ።

አሰበችበት። አልዋሸም፤ ያለው ሁሉ ሊሆን የሚችል ነገር ነው። መተዳደሪያዋ ይህ ጋጥ ነው፤ ጋጡም የቆመው በእንጨት ሳይሆን በስሟ ነው። የሰውዬው ፈረስ ሲመጣ አንካሳ መሆኑን እያወቀች ያን ጊዜ ዝም ማለቷ ቆጫት። ያኔ ብትናገር ኖሮ ዛሬ መንደሩ ሁሉ ምስክሯ ነበር። ያም ሆኖ ልንገርህ የፈረሱን አንገት ሲዳብስ ትዝ አላትና፣ እሺ የምትልበት አፍ አጣች።

የልንገርህ ሚስት ትርንጎ ሆዷ ገፍቶ፣ ከል ለብሳ በገበያ ቀን መጣች። እመት ሙጪት ዳማውን ፈትታ ልታስረክባት ስትል ባላምባራስ ወደ ገበያው ወጥቶ ከመሐል ጮኸ። «ንጉሥ ይሙት! ፈረሴን ለሰው ልትሰጥብኝ ነው! ያገሬ ሰው፣ ፍረዱኝ!»

ገበያው ተሰበሰበ። የመንደሩ ዳኛ አያ ዘለቀ ነበሩ፤ ወንድምም ልጅም ቀብረው ያረጁ፣ ቃላቸው ጥቂት የሆነ ሽማግሌ። ሁሉን ይዘው ወደ ታችኛው ሜዳ ወረዱና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሁለቱም ፈረሶች ቀረቡ።

መጀመሪያ ትርንጎን ጠየቋት። «ልጄ፣ የባልሽ ፈረስ የትኛው ነው?»

ትርንጎ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። «አባቴ፣ ዳማ ነው፤ ቦራ ነው። እኔ የማውቀው ከነኮርቻው፣ እሱ ተቀምጦበት ሲመጣ ነው። እሱ የሌለበትን ፈረስ ለይቼ ብምል ነፍሴን እበድላለሁ» አለችና አቀረቀረች።

ከዚያ መንደርተኛውን ጠየቁ። አንድ ገበሬ እያፈረ ተናገረ። «እመት ሙጪትን እናከብራታለን። ነገር ግን ባላምባራስን እዚህ ዳማ ላይ አላየንም ብንል ዋሽተናል።»

«አይታችኋል» አለች እመት ሙጪት። «እኔም አይቻለሁ። ስከለክለው ግን አላያችሁም።»

ሰዉ አጉረመረመ። የሚያምናትም የማያምናትም ዓይኑን ሰበረ። አደራ በላ ተብሎ በአደባባይ መቆም ምን እንደሆነ ያን ቀን አወቀች።

አያ ዘለቀ «ሰው ለሰው ሲመሰክር ሰማን» አሉ። «ባላምባራስ፣ ፈረስዎ ሲጠሩት ይመጣል?»

«እንዴት አይመጣም! ከውርንጭላነቱ ያሳደግሁት ነው።»

«እንግዲያ ሁለቱም ሜዳው ማዶ ተወስደው ይለቀቁ። እርስዎ ከዚህ ሆነው ይጥሩት።»

ባላምባራስ አልፈራም። ያን ያህል ጊዜ ከእጁ ገብስ አጉርሶታልና ይመጣልኛል ብሎ ተማመነ። ፈረሶቹ ከሜዳው ጫፍ ተለቀቁ። እሱም ካባውን ወደ ኋላ መለስ አድርጎ፣ እጁን ዘርግቶ፣ «ና ዳማ! ና! ና!» ሲል በሜዳው ላይ ድምፁን ለቀቀው።

የልንገርህ ዳማ ጆሮውን ለአፍታ አቀናና ሣሩን መጋጥ ቀጠለ።

ሌላው ግን ራሱን ብድግ አደረገ። አሽካካ። ከዚያም ያን የታመመ እግሩን እየሸሸገ፣ እየወደቀ እየተነሳ፣ ሊሮጥ እየሞከረ ሜዳውን ማቋረጥ ጀመረ። ሲቀርብ ትንፋሹ ይሰማል። ከተሰበሰበው ሰው መሐል ማንንም ሳያይ በቀጥታ ወደ ባላምባራስ ሄደና ግንባሩን ከትከሻው ላይ አሳረፈ።

ባላምባራስ ፊቱ አመድ መሰለ። «ሂድ!» አለው። ፈረሱ አልሄደም። በአለንጋው ፊቱን መታው። ፈረሱ ዓይኑን ጨፈነ፣ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አለ፣ ደግሞ ተመልሶ ተጠጋው። ደግሞ መታው።

እመት ሙጪት ሮጣ አለንጋውን ያዘች። «ይበቃዋል! ምን አደረገዎ? አወቀዎት እንጂ!» አለች። ስለ ራሷ ስትከሰስ ያላለቀሰችው ሴት ለእሱ አለቀሰች።

ያን ቀን ትርንጎ የባሏን ፈረስ እየሳበች አገሯ ገባች፤ እመት ሙጪት እስከ ወንዙ ሸኘቻት። ኋላም ወንድ ልጅ ወለደችና ልጁ በዚያው ዳማ ላይ ግልቢያ ተማረ ይባላል። ባላምባራስ ቢሻው ዞር ብሎ ሳያይ በእግሩ ሄደ። አንካሳው ፈረስ ሊከተለው ሲል እመት ሙጪት ገመዱን ይዛ አስቀረችው፤ እሷው ጋጥ ውስጥ አረጀ። መልካም ፈረስ ነበር፤ ሕፃናት ሲወጡበት ዝም ይላል። ሰው በመንገድ ባለፈ ቁጥር ግን ጆሮውን ማቅናቱን እስኪሞት አልተወም። እሷም ከዚያ ወዲህ የማንንም ፈረስ ስትቀበል ጉልበቱን ዳስሳ ያገኘችውን ነገር ባለቤቱ ፊት፣ ሰው እየሰማ ትናገር ነበር።

ሰዉ ከዚህ ሁሉ ይዞት የቀረው ግን ባላምባራስ ከመሄዱ በፊት የተባለውን ነው። አንካሳው ፈረስ አጠገቡ ቆሞ፣ አለንጋው ከእጁ ተነጥቆ፣ ገበያተኛው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሳለ፣ ሰውዬው አሁንም ሊሸነፍ አልወደደም። «እንስሳ መስክሮ ያውቃል?» ብሎ ጮኸ። «ዳማው የእኔ ነው! አንዴ ብቻ ልውጣበት! በዚህ ሜዳ ላይ ስጋልበው፣ እየፎከርኩ ስሜን ስጠራ ሲሰግር ታያላችሁ! ያን ጊዜ የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ!» ይህን እያለ ከቆመበት አንዲት እርምጃ አልተንቀሳቀሰም። ትርንጎ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ታየዋለች። አያ ዘለቀ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ከድንጋዩ ተነሱ፤ ማዶ ሣር የሚግጠውን ዳማ አዩ፣ ባዶውን ሰፊ ሜዳ አዩ፣ ከዚያም ሳይስቁ፣ ሳይቆጡ፣ ቀስ ብለው «ማን ከለከለዎ ባላምባራስ፤ ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» አሉ።