ጩኸቱ ደረሰ፣ ማሩ ቀረ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ እቃ ተሸክሞ ዳገት መውጣት ሰልችቷቸው ከቆላ የሚላክላቸውን እሽግ በአህያ ጀርባ ማስመጣት በጀመሩበት ዘመን፣ ቀበሮ ዳኛ ሆኖ ተሾመ። ሹመቱን ያገኘው በዕውቀቱ አይደለም። ንጉሥ አንበሳ ክርክር መስማት ሲጀምር እንቅልፉ ይመጣል፤ ከእንቅልፉ ሲቀሰቅሱት ደግሞ ከሳሹንም ተከሳሹንም ይበላል። ይህ አሠራር ክርክርን ፈጥኖ ቢጨርስም ሕዝቡንም እየጨረሰ ስላስቸገረ ንጉሡ ቀበሮን ጠርቶ፣ «የእሽግ ነገር ለአንተ ነው። እኔ ጆሮ እንዳይደርስ ብቻ» አለው። ደመወዙም ከንጉሡ ማዕድ የሚተርፈው ጎድን ሆነ።

ሥርዓቱ ቀላል ነበር። አህያ እሽጉን ባለቤቱ ደጅ ታደርስና ታናፋለች። የእሷ ማናፋት ደግሞ ሸለቆውን ሙሉ ስለሚያደነቁር፣ የሰማ ሁሉ «እገሌ እቃው ደረሰለት» ይላል። አህያ ካናፋች ደርሷል፤ ካላናፋች ገና ነው። በቃ።

አንድ ማለዳ ቀበሮ ዋንዛው ጥላ ሥር ተጋድሞ ጎድን ሲግጥ እመት ጃርት እሾኋን እያንኮሻኮሸች መጣች።

«ጌታው፣ እሽጌ ጠፋብኝ» አለች። «ቆላ ያለችው እህቴ ጥቁር ማር በቅል ልካልኝ ነበር። ልጄ ሳል ይዞት ሲያጓራ ነው የሚያድረው። እባክዎ አንድ ነገር ያድርጉልኝ።»

«አህያ አላናፋችም?»

«አናፍታለች። ሮጬ ስወጣ ግን አህያም የለች፣ ማርም የለ።»

«እንግዲያው ደርሷል።»

«የት ነው የደረሰው?»

«ደጅሽ ነዋ!»

«ደጄ የለም እኮ ነው የምልዎት!»

ቀበሮ ጎድኑን ከአፉ አወጣ። ትዕግሥተኛ መምሰል ያምረዋል። «ስሚኝ እመት ጃርት። ጩኸት ካለ እቃ አለ። ሕጉ ይህ ነው።»

«ሕጉን ማን አወጣው?»

«እኔ። ደግሞስ ራስሽ በልተሽው እንዳልረሳሽው ምን አውቃለሁ? የጃርት ራት በጨለማ ነው፤ ማን አየሽ?»

ይህን ሲል አያ ጅቦ ከቁጥቋጦው ብቅ አለ። ለምን እንደመጣ አይታወቅም፤ የሚታኘክ ድምፅ ከሰማ መምጣት ልማዱ ነው። ዓይኑን ጎድኑ ላይ ተክሎ፣ «እኔም ሰምቻለሁ!» አለ። «ጥሩ ጩኸት ነበር። እንዲያውም ጣፋጭ ጩኸት!» ጢሙንም ዙሪያውን ላሰ።

«ይኸው ምስክር» አለ ቀበሮ።

ጩኸት እንዴት ሊጣፍጥ እንደቻለ መጠየቅ የዳኛ ወግ ነበር። ቀበሮ ግን አጥንቱ ላይ በቀረች አንዲት ጅማት ሐሳቡ ተጠልፎ ስለነበር ነገሩ በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ወጣ።

እመት ጃርት ብዙ አልተከራከረችም። እጅ ነስታ፣ «እሺ ጌታው፤ እግዜር ለእርስዎም እንዲህ ያለ ዳኛ ያዝዝልዎ» አለች።

«አሜን» አለ ቀበሮ፣ ጅማቷን እየጎተተ።

ከእሷ በኋላ ከርከሮ መጣ። ጅግራም መጣች። ዝንጀሮ ከነሚስቱ መጥቶ ተሳድቦ ሄደ። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፦ ጩኸቱ መጣ፣ እቃው ቀረ። ቀበሮም የሚመልሰው አንድ ነው። ከርከሮን ውሸታም፣ ጅግራን ዝንጉ፣ ዝንጀሮን ሌባ እያለ ሸኛቸው። ሲመሽ ወደ ንጉሡ እየሄደ፣ «ጃንሆይ፣ ዛሬም አቤቱታ የለም» ይላል። ንጉሡም ደስ ብሎት ትንሽ ሥጋ የቀረበት ጎድን ይጥልለታል። ቀበሮ ከዚህ የተሻለ ሥራ ዓለም ላይ እንደሌለ እርግጠኛ ሆነ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን እንቅልፍ ወስዶት ሳለ አንድ ወፍራም ድምፅ ከራስጌው፣ «እሽጌ ጠፋ» አለው።

ቀበሮ ዓይኑን አልገለጠም። «አህያ አናፍታለች?»

«አናፍታለች።»

«እንግዲያው ደርሷል። በልተኸው ረስተኸው ይሆናል፤ ሆዳም ሁሉ...»

የባለ አቤቱታው ትንፋሽ ፊቱ ላይ ሞቅ ስላለው ዓይኑን ገለጠ። ከፊቱ የቆመው ጎፈር እንጂ እሾህ አልነበረም።

«ጨርሰው» አለ ንጉሥ አንበሳ። «ሆዳም ሁሉ ምን?»

«ሆዳም ሁሉ ይጥፋ! ማለቴ... ሌላው ሆዳም ጃንሆይ፣ የእርስዎን እሽግ የነካው!»

አንበሳ ለቁጣ የሚሆን ጊዜ አልነበረውም። ዙሪያውን ገልመጥ አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የላከችው አማቴ ናት። ቋንጣ ነው። በገዛ እጇ ዘልዝላ፣ በገዛ እጇ አድርቃ። ቅዳሜ ልትጠይቀን ትመጣለች። ገና ሳትቀመጥ 'ቋንጣዬ እንዴት ነበር?' እንደምትለኝ አውቃለሁ።»

ይህ ንጉሥ ለዝሆን መንገድ የማይለቅ ጀግና ነው። አማቱ ጉሮሮዋን ስትጠርግ ግን ከመቀመጫው ይነሳል።

«እስከ ቅዳሜ ቋንጣዬን ፈልገህ አምጣ» አለው። «ካጣኸው ከአንተ አዘጋጃለሁ። የአሮጊቷ ዓይን ደክሟል፤ የማን ሥጋ እንደሆነ አትለይም።»

ቀበሮ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ አንድ የጠፋ እሽግ ከልቡ አዘነ። ጎድኑን እንደ ጣለ ተነስቶ ሮጠ።

አህያን ያገኛት መስኩ ላይ ሣር ስትነጭ ነው። ጀርባዋ በጭነት ተልጧል።

«አንቺ ሌባ!» አለ ከሩቁ። «የንጉሡን ቋንጣ የት አደረስሽ?»

አህያ አኝካ እስክትጨርስ ቀና አላለችም። «ቋንጣ? እኔ? ሥጋ ምን ያደርግልኛል?»

ቀበሮ ይህን አላሰበበትም ነበር። «ታዲያ የት አስቀመጥሽው?»

«ሁሌ የማስቀምጥበት። ጅረቱ ዳር፣ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ።»

«ጅረቱ ዳር? በየደጁ አይደለም እንዴ?»

«በየደጁ!» አህያ ሣቀች፤ ጥርሷ ሁሉ ታየ። «ወደ መንደሩ ለመውጣት በአያ ጅቦ ዋሻ በር ማለፍ አለብኝ። ለአያ ጅቦ እኔ ራሴ እሽግ ነኝ፤ ያውም አራት እግር ያለው። ቢያሳልፈኝስ ንጉሡ ደጅ እንዴት እቆማለሁ? ቋንጣውን ሲቀበል እኔን የሚመልሰኝ ይመስልሃል?»

«ታዲያ ይህን ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬህ ነበር እኮ! መጀመሪያ ሥራ የገባሁ ቀን ዋንዛው ሥር መጥቼ 'ጌታው፣ በጅብ በር ማለፍ ፈራሁ' ብዬሃለሁ። አንተ ምን አልከኝ? 'የትም ሆነሽ አናፊ፤ ዋናው ጩኸቱ ነው' አልከኝ። እኔም አናፋለሁ። በደንብ ነው የማናፋው፤ በዚያ የሚያማኝ የለም።»

ቀበሮ ቁጭ አለ። ቃሉ ትዝ አለው። ያን ቀንም ጎድን ይዞ ነበር።

ጩኸቱን እየሰማ ከዋሻው ወደ ጅረቱ የሚወርደው ሌባ ማን እንደሆነ አሁን ሕፃን ይገባዋል። ግን አያ ጅቦን ሄዶ «አንተ ነህ» ቢለው «ማን አየኝ?» ይላል። ያየ የለም። ቀበሮ ራሱ ባወጣው ሕግ ከሆነ ደግሞ ጩኸቱ ተሰምቷልና እሽጉ ደርሷል፤ ጅብ ነፃ ነው። ሲጨንቀው ጅራቱን አንጠልጥሎ እመት ጃርት ጉድጓድ ደረሰ። ከውስጥ የትንሹ ሳል ይሰማል።

«እመት ጃርት፣ አሉ?»

እሷ ብቅ አለች። ዋንዛው ሥር «ጌታው» ያለችው አንደበት አሁን ሌላ ሆኗል። «ምን ልትለኝ መጣህ ደግሞ? ቅሉንም በልቼዋለሁ?»

«አጥፍቻለሁ» አለ ቀበሮ። «የንጉሡም እሽግ ጠፋ። ካላገኘሁ ቅዳሜ ቋንጣ መሆኔ ነው።»

«ለካ የንጉሥ እሽግም ይጠፋል! እሱንም በልተህ ረሳኸው አልከው?»

«ልለው ነበር፤ ጎፈሩ አስቆመኝ።»

እመት ጃርት ሳትወድ ፈገግ አለች። ከዚያ ፊቷን አጠቆረች። «ስማ ቀበሮ። ያን ቀን ፊትህ ቆሜ ስለምንህ አንድ ነገር ብቻ ብትጠይቀኝ ሌባውን እዚያው ታገኘው ነበር። 'እንዴት ያለ ማር ነው?' አላልከኝም። የእህቴ ማር እንደ ሌላው አይደለም፤ ከግራዋ አበባ ነው፣ መጨረሻው ላይ መረር ይላል። ያንን የሚያውቅ እኔ፣ እህቴ፣ እና የበላው ብቻ ነን።»

የቀበሮ ጆሮዎች ቀስ ብለው ቆሙ። ተንኮል ሲመጣለት ሁሌ የሚቆሙት እነሱ ናቸው።

በማግሥቱ ቁራ በሸለቆው ላይ እየዞረ እንዲህ ሲል ለፈፈ፦ «እሽግ የጠፋበት ሁሉ ቅዳሜ ዋንዛው ሥር ይምጣ! እሽጉ ውስጥ ምን እንደነበረ፣ ምን ምን እንደሚል በትክክል ለተናገረ እጥፍ ሆኖ ይተካለታል!»

ቅዳሜ ዋንዛው ሥር እግር የሚያስቀምጡበት ቦታ ጠፋ። ንጉሡ ከፍ ብሎ ተቀምጧል፤ አማቱ ገና በማለዳው ደርሳ ከጎኑ ጋደም ብላለች። «ቋንጣዬ እንዴት ነበር?» ብላ ጠይቃው ስለነበር፣ ንጉሡ «ከክርክሩ በኋላ እንጫወታለን እማማ» ብሎ ላቡን ይጠርጋል።

ከሁሉ ቀድሞ የተሰለፈው ማን ይሆን? አያ ጅቦ ነው። የቸኮለ ጅብ ቀንድ ይነክሳል።

«አያ ጅቦ፣ አንተም ጠፍቶብሃል?» አለ ቀበሮ በአዘኔታ።

«ብዙ ነው የጠፋብኝ! አንጀቴ ነው የተቃጠለው!»

«አይዞህ። በል አንድ በአንድ ንገረኝ። ምን ነበር?»

«አንዱ ማር ነው። በቅል። ጥቁር፤ መጨረሻው ላይ መረር ይላል። ቅሉ ግን አይመርም።»

«ቅሉንም ቀምሰኸዋል?»

«ቅሉና ማሩ ይለያያሉ እንዴ?» አለ አያ ጅቦ ተገርሞ።

ከሕዝቡ መሐል እሾህ ሲንኮሻኮሽ ተሰማ። ቀበሮ በእጁ ዝም አሰኛት። «ጎበዝ! በትክክል ተናግረሃል። ማን ነበር የላከልህ?»

«ላኪውን ምን ላድርገው፤ አይበላ!»

«እውነት ነው። ሌላስ?»

«የከርከሮ ሥር፤ አፈር ነበረው። የጅግራ ጤፍ፤ ጥርስ ውስጥ ይገባል፣ አትተካልኝ እሱን። ደግሞ ቋንጣ!» አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠ፤ ወዲያው ግን ፊቱን አጨማደደ። «እሱንስ እጥፍ አልፈልግም። በእናትህ ሌላ ሥጋ ስጠኝ። ጨው የለው! ሚጥሚጣው አፌን ልጦኛል። እንደ ቆዳ አይታኘክ። ያዘጋጀችው ባልቴት እጅ ሳይሆን ጠላት ነው ያላት!»

ሕዝቡ ሁሉ ወደ ንጉሡ አማት ዞረ።

አሮጊቷ አንበሳ ቀስ ብላ ተነሳች። መጀመሪያ አማቿን አየች። «ስለዚህ አልቀመስከውም?»

«አልደረሰኝም፣ እማማ» አለ ንጉሡ። ከደስታው ብዛት ድምፁ ቀጠነ።

«ጨው የለው አለ?» አለች ወደ ጅብ ዞራ።

አያ ጅቦ ያን ጊዜ ገባው። ሁሌም ይገባዋል፤ ሁሌም ከረፈደ። ሊሮጥ ሲዞር የአሮጊቷ ጥፍር ቂጡ ላይ አረፈ። ዓይኗ ደክሟል የተባለው ሐሰት ሆኖ ተገኘ። ዳገቱን፣ ሸንተረሩን፣ ከሸንተረሩም ወዲያ ያለውን ሜዳ እያሳደደች አሻገረችው፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር የአያ ጅቦን ዘር ያየ የለም።

ሕዝቡ እልል አለ። ቀበሮም ደረቱን ነፍቶ ጭብጨባ ሲጠብቅ እመት ጃርት ወደ ፊት ወጣች።

«ጃንሆይ፣ ሌባው ሄደ፤ ደግ። ግን ሌባው በልቶብን ባዶ ሆዳችንን ስንውል፣ ዳኛው ሌባ እያለ የሚሰድበው እኛን ነበር። የልጄ ማርስ?»

ንጉሡ አማቱ ሳትመለስ ጉዳዩን ለመጨረስ ቸኩሎ ነበርና ፍርዱ አጭር ሆነ። «ቀበሮ፣ የጠፋውን ሁሉ ከቆላ አንተ ታመጣለህ፤ ከአህያ ጋር፣ በእግርህ። ከእንግዲህ እሷ ስትሄድ አንተ አብረሃት ነህ። እኔ ደጅ ስትመጡ ዋሻ ገብቼ ፊቴን አዞራለሁ፤ አህያ አትፍራ። ደርሷል ብሎ የሚጮኸውም ያመጣው መሆኑ ይቅር፤ የተቀበለው ይጩህ!»

ስለዚህ ቀበሮ ጭነት ከኋላ እየገፋ ዳገት ወጣ። መዳፉ ተላጠ። አህያ መንገዱን ሙሉ ስለ ጀርባዋ ሕመም ስታወራው ሰማት፤ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። እመት ጃርት ደጅ ደርሰው ቅሉን አስረከቡ።

«ጩኺልን እንጂ» አለ ቀበሮ እያለከለከ። «ደረሰልሽ አይደል?»

«ምን አስቸኮለህ?» አለች። ቅሉን ከፈተች፣ አሸተተች፣ በጣቷ ነክታ ቀመሰች፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ገብታ ለልጇ አላሰችው። ቀበሮ ፀሐይ ላይ ቆሞ ጠበቀ። ሳሉ አንዴ ተሰማ። ቀጥሎ ጸጥታ። ቀጥሎ አንድ ቀጭን ድምፅ፦ «እማዬ፣ ድገሚኝ!»

ያን ጊዜ እመት ጃርት ከጉድጓዷ ወጥታ፣ «ደረሰ!» ብላ ሸለቆው እስኪያስተጋባ ጮኸች። ቀበሮ ድምፁን ሲሰማ ሳያስበው ተነፈሰ፤ መሬቱ ላይም ዝርር ብሎ ተኛ።

ከዚህ የምንማረው፣ አቤት ባይን ሁሉ ሌባ እያለ የሚያባርር ዳኛ ሳያውቀው የእውነተኛው ሌባ በረኛ እንደሚሆን ነው።