የተሸፋፈነው ወርቅ

አንዲት ሴት ነበረች፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኬሚስትሪ የምታስተምር። ስሟ ይቆየን። ይህች ሴት በቤተ ሙከራዋ መደርደሪያ ላይ አንድ ጠርሙስ ወርቅ ነበራት።

ወርቅ ሲባል ጉትቻና ሐብል አይታያችሁ። ይህ ወርቅ ዓይን ሊለየው እስከማይችል ድረስ ደቅቆ ውኃ ውስጥ የተበተነ ነው። እንደዚያ ሲደቅ ቢጫነቱ ይጠፋል፤ ውኃው እንደ ከርከዴ ይቀላል። ጠባዩም ይለወጣል። ጣታችሁ ላይ ያለው ወርቅ ከማንም ጋር አይነካካም፤ ስለዚህም አይዝግም። የደቀቀው ግን ሠራተኛ ነው። ሃይድሮጅንን ከአንዱ ተቀብሎ ለሌላው ያቀብላል። ሁለቱን ያገናኛል፣ ይለውጣል፤ እሱ ግን አያልቅም።

ሴትየዋ ከዚህ ወርቅ የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ መርዛማ የሆነ ቢጫ ኬሚካል ሃይድሮጅን አግኝቶ፣ የራስ ምታት ክኒን ወደሚሠራበት ቀለም አልባ ነገር እንዲለወጥ። ይህ ካልታየ ተማሪዋ ቤዛዊት የማስተርስ ዲግሪዋን አታገኝም። ወርቁ ደግሞ ከውጭ እስኪመጣ ብዙ ወራት ተጠብቋል። ሌላ የለም።

ታዲያ ምን ሆነ? ደቃቅ ወርቅ አንድ ክፉ ጠባይ አለው። ካልጠበቁት እርስ በርሱ ይጣበቅና ይጓጉላል። ቀዩ ውኃ ሰማያዊ ይሆናል፤ ከዚያ ጥቁር ዝቃጭ ሆኖ ይቀመጣል፤ ሥራውም ያበቃል። ስለዚህ ኬሚስቶች በስሱ፣ ሙጫ መሰል በሆነ ነገር ይሸፍኑታል። ይህች ሴት ግን በስሱ አልሸፈነችውም። ሸፈነችው፤ ደገመችው፤ እንደገና ሸፈነችው።

ለምን? ባለፈው ዓመት እዚያው ትምህርት ክፍል ያስተምር የነበረውን ባሏን ዶክተር መኩሪያን ቀብራለች። ከዚያ ወዲህ የቀራትን ሁሉ አጥብቃ መያዝ ለመደች። ስሙም በዚያ ክፍል አይነሳም ነበር።

«ዶክተር፣ አሁንም ቢጫ ነው» አለች ቤዛዊት ከወርቁ ጥቂት ጠብታ የተጨመረበትን የቢጫውን ኬሚካል ብልቃጥ እያየች።

«ትንሽ እንጠብቅ።»

«ትናንትም ጠብቀን ነበር።»

ከጎን ክፍል የሚሠራው ዶክተር ገረመው ሊጠይቃቸው ገባና የወርቁን ጠርሙስ ወደ መስኮቱ አነሣ። «ማማሩስ ያምራል። ለመሆኑ ምን ያህል ሸፍነሽው ነው?»

ነገረችው። ሳቀ።

«አንቺ ሴት፣ እንደ ቴሌቪዥን ሪሞት በላስቲክ ጠቀለልሽው እኮ። ሪሞቱስ በላስቲኩ ላይ ሲጫኑት ይሠራል።»

«ካልሸፈንኩት ይጓጉላላ።»

«ይጓጉል ይሆናል። አሁንስ ምን እየሠራልሽ ነው?»

ጠርሙሱን ተቀብላ ወደ መደርደሪያው መለሰችው። ሃይድሮጅኑ ይመጣል፣ ቢጫውም ይመጣል፤ ሁለቱም የወርቁን ገላ መንካት አለባቸው፤ መንገድ ግን የለም። ይህን በየዓመቱ ታስተምረዋለች። አለማወቅ አልነበረም ችግሯ።

ገረመው ከወጣ በኋላ ጠርሙሱን ከመደርደሪያው አወረደችና «ቤዛዊት፣ እንጠበው» አለች።

«ሽፋኑን? ቢጓጉልስ?»

«ጥቂቱ መጓጎሉ አይቀርም።»

«ምረቃዬስ?»

«እሱን ሳስብ ነው የቆየሁት። ጠርሙስ ውስጥ የተቀመጠ ቀይ ውኃ አያስመርቅሽም። ግን ሥራው ያንቺ ነው፤ ከፈራሽ እንተወዋለን።»

ቤዛዊት ጓንቷን አጠለቀች። «ፈርቻለሁ» አለች፤ «እንጠበው።»

ወርቁን በትናንሽ ቱቦዎች ከፋፍለው የመጀመሪያውን ሲያጥቡ ውኃው ዓይናቸው እያየ ሰማያዊ ሆነ። ቤዛዊት አንገቷን ደፋች። ያ ወርቅ ጠፋ፤ አልተመለሰም። ሴትየዋ ግን የሚቀጥለውን ቱቦ አነሣች። ቀስ አለች። የተረፈውን፣ ቅንጣቶቹ ተራርቀው እንዲቀመጡ፣ ነጭ ዱቄት ላይ አሳረፈችው። ከዚያ በቢጫው ውስጥ ጨመሩት።

መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቆይቶ ቢጫው እንደ ገለባ ሳሳ። ቆይቶ ደግሞ ከውኃ የማይለይ ሆነ።

«ዶክተር መኩሪያ ቢያዩት ኖሮ» አለች ቤዛዊት፤ ወዲያው ከአፏ ያመለጣትን ሰምታ ደነገጠች።

ሴትየዋ ብልቃጡን ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረገች። «ይቀልድብን ነበር» አለች። «ቧንቧ እያለ ይሄ ሁሉ ልፋት ውኃ ለማግኘት ነው? ይለን ነበር።»

ሁለቱም ሳቁ። ሴትየዋም ወንበር ሳበችና ስለ ባሏ ማውራት ጀመረች። ቤዛዊት ሰማቻት።

ወገኖቼ፣ ይህችን ሴት ማን ይወቅሳታል? አንድ ጊዜ የጠፋበት ሰው የቀረውን ቢሸፋፍን ምን ያስደንቃል? እግዚአብሔርም አይወቅሳትም፤ ምን እንደቀበረች ያውቃል። ስስ ሽፋንም ያስፈልጋል። ልባችሁን በየመንገዱ ግለጡት የሚላችሁ የለም።

ግን እናንተ ስንት ጊዜ ሸፈናችሁት? እግዚአብሔር በውስጣችሁ ያኖረው ርኅራኄ፣ ምክር፣ የማጽናናት ችሎታ ዛሬ የት ነው? አለ፤ አልጠፋም። ያምራልም። የሚነካው ሰው ግን አለ? ልጆቻችሁ ይደርሱበታል? ጎረቤታችሁ ይደርስበታል? ወይስ በአጠገባችሁ ያለው ቢጫ እንደ ቢጫ እየዋለ እያደረ ነው?

ሽፋኑ ሲነሣ ምንም አይጠፋም ብሎ የሚሰብክላችሁ አትመኑት። ጥቂት ይጠፋል። አንዳንዱ ሰው የነገራችሁትን አይይዝላችሁም፤ አንዳንዱ ቀን ከማውራት ዝምታው ይሻል ነበር ያሰኛችኋል። የሠራው ወርቅ ግን ሲሠራ አላለቀም። ታጥቦ ለሌላው ቢጫ ተዘጋጀ።

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ በር ላይ አንድ ሰው «እንዴት ሰነበታችሁ?» ይላችኋል። የለመዳችሁትን መልስ ከመመለሳችሁ በፊት ጥቂት ቁሙ። ሁሉን አትንገሩት። አንድ ነገር ብቻ፣ ግን እውነተኛውን፣ ንገሩት።